የአልባንያ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ካህናቷን እንደ ገና ያስተማረችበት ታሪክ

ሃይማኖትን ለማጥፋት የተነሣ መንግሥት አስቀድሞ የሚዘጋው የጸሎት ቤቱን ነው። ስለዚህም የዚህ ዓይነት ዘመን ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቈጠሩት የተዘጉትና የፈረሱት ሕንጻዎች ናቸው። የአልባንያን ታሪክ ስንመረምር ግን ከሕንጻው መፍረስ ይልቅ የከበደው ጉዳት የትምህርቱ መቋረጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ሕንጻ ገንዘብ ከተገኘ በጥቂት ዓመታት ይሠራል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ደቀ መዝሙር ያልተቀበለ ክህነት ግን መምህሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ይህ የተቋረጠ ሐረግ እንዴት እንደ ተቀጠለ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አልባንያ በአድርያቲክ ባሕር ዳር፥ ከግሪክ በስተ ሰሜን የምትገኝ ትንሽ አገር ናት። ከአራት መቶ ዓመት በላይ በኦቶማን ቱርኮች ግዛት ሥር ስለ ኖረች አብዛኛው ሕዝቧ እስልምናን ተቀበለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከመቶው 70 ያህሉ ሙስሊም፥ 20 ያህሉ ኦርቶዶክስ፥ 10 ያህሉ ካቶሊክ እንደ ነበር ይገመታል። ኦርቶዶክሳውያኑ በቍስጥንጥንያ ፓትርያርክ ሥር ሆነው በግሪክኛ ይቀድሱ ነበር። በአልባንኛ መቀደስ የተጀመረው በአገሩ ሳይሆን በአሜሪካ ነው፤ ፋን ኖሊ በ1908 ከአንድ የሩሲያ ሊቀ ጳጳስ ቅስና ተቀብለው በቦስተን ከተማ በአልባንኛ ቀደሱ። በ1922 የቤራት ጉባኤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራስዋን የቻለች መሆኗን አወጀ፤ የቍስጥንጥንያ መንበር ይህን ያጸደቀው ግን በ1937 ነው።

ሊቀ ጳጳሷን ከግብፅ ስትቀበል ኖራ በ1951 የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፥ በ1959 የመጀመሪያውን ፓትርያርክ ባገኘች አገር ለሚኖር አንባቢ የዚህ ጥያቄ ክብደት አይሰወረውም። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ከ1937 እስከ 1967 ያለው ጊዜ ሠላሳ ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። ከእነዚህም የሚበዙት በጦርነትና በኮሙኒስት አገዛዝ ያለፉ ናቸው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን መምህራን ትውልድ ከትውልድ ሳታከማች ነበር ታላቁ መከራ የደረሰባት።

ኮሙኒስቶች ሥልጣን የያዙት በ1944 ነው። በ1949 ሊቀ ጳጳስ ክሪስቶፎርን ከመንበራቸው አወረዱ። የካቲት 6 ቀን 1967 ኤንቨር ሆጃ ባደረገው ንግግር ወጣቶች በሃይማኖት ላይ እንዲነሡ ጥሪ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት 2,169 መስጊዶች፥ አብያተ ክርስቲያናት፥ ገዳማትና የደርቪሾች ማደሪያዎች መዘጋታቸው ተነገረ። በሽኮደር ከተማ የነበረው የካቶሊኮች ካቴድራል የስፖርት አዳራሽ ሆነ። የ1976 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 መንግሥት ማንኛውንም ሃይማኖት እንደማያውቅ ደነገገ፤ በ1977 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በሃይማኖት ስብከት ላይ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት እስራት ወሰነ። ሽትየፈን ኩርቲ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ሕፃን በማጥመቃቸው በጥይት ተደብድበው ሞቱ።

በሥውር የሚያጠምቁና የሚቀድሱ ካህናት በዚህም ሁሉ ዘመን አልጠፉም። ነገር ግን በኦርቶዶክስ ሥርዓት ቄስ የሚሾመው በኤጲስ ቆጶስ ነው፤ ኤጲስ ቆጶስም የሚሾመው በሌሎች ኤጲስ ቆጶሳት ነው። የመጨረሻው ሊቀ ጳጳስ ዳምያን በ1973 ዐረፉ። ስለዚህ አንድ ቄስ በድብቅ ማጥመቅ ቢችልም ተተኪውን ማፍራት አይችልም ነበር። ሃይማኖት እንደ ገና ሲፈቀድ አገሪቱ አንድም ኦርቶዶክሳዊ ኤጲስ ቆጶስ አልነበራትም፤ ቀድሞ 440 ከነበሩት ካህናትም በሕይወት የተገኙት ሃያ ያህል ሽማግሌዎችና ሕሙማን ብቻ ነበሩ።

በዚህ ጊዜ የቍስጥንጥንያ መንበር አናስታስዮስ ያኑላቶስን እንደራሴ አድርጎ ሾመ። እሳቸው ግሪካዊ፥ በአቴና ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖቶች ታሪክ ፕሮፌሰር፥ ስለ እስልምናም መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ነበሩ። ከዚህም በቀር በ1980ዎቹ ዓመታት ናይሮቢ ላይ ሆነው በምሥራቅ አፍሪካ የኦርቶዶክስ ካህናትን ትምህርት ቤት መርተዋል። በሐምሌ 1991 ቲራና ገቡ፤ በነሐሴ 1992 በሊቀ ጳጳስነት መንበር ላይ ተቀመጡ። ትምህርት ቤቱ ግን ከዚህ ቀደም ብሎ በየካቲት 1992 በዱሬስ ከተማ በአንድ የተከራዩት ሆቴል ውስጥ ሥራውን ጀምሯል። ከሊቀ ጳጳሱ ዙፋን በፊት የተማሪው ወንበር መዘጋጀቱ የችግሩን ሥር ማወቃቸውን የሚያስረዳ ይመስለናል።

የትምህርቱ ሥራ ሁለት የሚጋጩ ፍላጎቶች ነበሩበት። በአንድ በኩል ሙታንን የሚቀብር፥ ሕፃናትን የሚያጠምቅ ቄስ ዛሬውኑ ይፈለጋል፤ በሌላ በኩል ተማሪዎቹ እግዚአብሔር የለም በሚል ትምህርት ቤት ያደጉ በመሆናቸው ከፊደል የመቍጠር ያህል ከመጀመሪያው መነሣት ነበረባቸው። መምህራን ከውጭ አገር መጡ። በአልባንኛ የተዘጋጀ የማስተማሪያ መጽሐፍ ቢታጣም ፋን ኖሊ በአሜሪካ ሆነው የተረጐሟቸው የቅዳሴ መጻሕፍት ለሥርዓቱ መሠረት ሆኑ፤ በስደት የተሠራው ሥራ ለአገር ቤት ስንቅ ሆነ ማለት ነው። በኋላም ትምህርት ቤቱ በዱሬስ አጠገብ ባለው በቅዱስ ቭላሽ ገዳም ወደ ተሠራለት ሕንጻ ተዛወረ። ለቅስና ከሚዘጋጁት ወንዶች ጋራ ሴቶችም ለማስተማርና ለምግባረ ሠናይ ሥራ ይማሩበታል። በሊቀ ጳጳሱ ዘመን በአገሩ ሰዎች የተሞላ፥ ቍጥሩ ከመቶ የሚበልጥ የካህናት ማኅበር ተመሠረተ።

የእሳቸው ግሪካዊነት ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። በኅዳር 1994 ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበው ረቂቅ ሕገ መንግሥት የታላላቅ ሃይማኖቶች መሪዎች በአልባንያ የተወለዱና ያለፉትን 20 ዓመታት በዚያው የኖሩ እንዲሆኑ ያስገድድ ነበር። የተቃዋሚዎቹን ሥጋት ከንቱ ነው ልንል አንችልም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከግሪክኛ ቅዳሴ ለመላቀቅ ብዙ ደክማ ነበርና። ይሁን እንጂ ያለፉትን 20 ዓመታት በአልባንያ የኖረ ሰው ማለት አብዛኛውን ጊዜ ክህነት በሕግ በተከለከለበት ዘመን የኖረ ሰው ማለት ነው። ሕጉ ቢጸድቅ ኖሮ ከመከልከሉ የተነሣ የደረሰውን ጕድለት እንደ ጥፋት ቈጥሮ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያለ መሪ ባስቀራት ነበር። ሕዝቡም ረቂቁን ሳይቀበለው ቀረ። በ1998 የተቋቋመው ቅዱስ ሲኖዶስ ሁለት አልባንያውያን ጳጳሳትን ያዘ፤ ከእነርሱ አንዱ በጨለማው ዘመን በሥውር ሲቀድሱ የኖሩት አባ ኮስማ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሆነው በሙስሊሞች መካከል መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ሙስሊሞቹም በዚያው አዋጅ መምህራናቸውን አጥተዋል። በኅዳር 1990 የሽኮደር መስጊድ ሲከፈት ሶላቱን የመሩት ሐፊዝ ሳብሪ ኮቺ ከሃያ ዓመት በላይ የታሰሩ ሰው ነበሩ። ስለዚህ አዲሶቹ ካህናት የተላኩት ከእነርሱ ጋራ አንድ መከራ ወዳየ ጎረቤት ነው። በ1999 ከአራት መቶ ሺህ በላይ ስደተኞች ከኮሶቮ በገቡ ጊዜ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ቢሆኑም ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን እንደ አቅሟ ረድታቸዋለች።

ሊቀ ጳጳስ አናስታስዮስ በጥር 2025 ዐረፉ። በመጋቢት ወር የተመረጡት ተተኪያቸው ዮአን በኮርቻ ከተማ ከበክታሺ ሙስሊሞች ቤተሰብ የተወለዱ፥ በእገዳው ዘመን በሥውር የተጠመቁ አልባንያዊ ናቸው። የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን የተማሩት ፋን ኖሊ በቀደሱባት በቦስተን አጠገብ ነው፤ ከዚያም ተመልሰው የዚህኑ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪነት ይዘዋል። በ1994 የተጠየቀው አልባንያዊ መሪ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ተገኘ፤ የተገኘውም በማስተማር ነው።

ይሁን እንጂ ድሉን ከልኩ በላይ ማግነን አይገባንም። በ2023 የሕዝብ ቈጠራ ኦርቶዶክስ ነን ያሉት ከመቶው 7 ያህል ብቻ ናቸው። ስደትና ሃይማኖትን ያለ መግለጽ ፍላጎት ለዚህ ድርሻ ቢኖራቸውም ያለ መምህር ያደገ ትውልድ በሙሉ እንዳልተመለሰ ግልጥ ነው። ካህን በአምስትና በስድስት ዓመት ሊሠለጥን ይችላል፤ ልጁን በቤቱ የሚያስተምር ወላጅ ግን በየትኛውም ትምህርት ቤት በዚህ ፍጥነት አይገኝም።