ሀ ሁን የሸሹት አያቴ

ስለ ሳይኮሎጂ ሲነሳ እንግዲህ ሁላችንም ትዝ የሚለን ያ የፓቭሎቭ ውሻ ነው። ድምፅ ይሰማል፣ ምግብ ይመጣል፣ ይደጋገማል፤ ቆይቶ ምግቡ ባይመጣም በድምፁ ብቻ ለሃጩ ይዝረበረባል። (ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል የተሸለመው ግን በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነበር።) ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩ። ነገሩ የገባኝ ግን ለሚ፣ አያቴ ደጅ ተቀምጬ ነው።

አያቴ ሀ ሁን እስከ ፐ ሳያዛንፉ ይወርዱታል። ማንበብ ግን አይችሉም።

በ1940ዎቹ ልጅ ሳሉ የኔታ ዘንድ ገቡ። በቄስ ትምህርት ወግ ልጁ መጀመሪያ ፊደሉን ተራ በተራ በዜማ ይቆጥራል። ታዲያ አፍ ይሄዳል፣ ዓይን ይቀራል፤ አንዱ ድምፅ ቀጣዩን ይጠራዋል እንጂ ቅርጹን ልብ የሚለው የለም። የጥንት መምህራን ይህን ያለ ላቦራቶሪ አውቀውታል፤ ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳን ያመጡት ለዚህ ይመስለኛል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። የፊደሉ ተራ ተቀይሯል፣ ድምፁም ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ ይዘላል። በዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚህ ጋ ይያዛል።

አያቴም ተያዙ። ሲሳሳቱ አርጩሜ፤ አርጩሜውን ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ሲደነግጡ ይሳሳታሉ። አንድ ቀን ወደ ጀማ ቆላ ሮጡ፤ በዚያው ቀሩ።

አርጩሜው ምን አስተማራቸው? አሜሪካዊው ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረው ሙከራ አለ። መጫኛ እየተጫኑ ምግብ ማግኘት የለመዱ አይጦችን ምግቡን ከለከላቸው፤ ከፊሎቹን ደግሞ በተጫኑ ቁጥር መጫኛው እግራቸውን እንዲመታቸው አደረገ። የተመቱት ለጊዜው ተዉ፤ ውሎ አድሮ ግን ካልተመቱት እኩል ተጫኑ። ዱላው ልማዱን አላጠፋውም። ፍርሃት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ዋትሰንና ሬይነር አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ሲነካ ከኋላው ብረት እየመቱ አስደነገጡት፤ በኋላ ጥንቸልም ፈራ። (ዛሬ ቢሆን ማን ይፈቅድላቸው ነበር!)

የአያቴ ጥንቸል የመጣችው በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጋር ነው። ዘመቻው እነሱ ቀዬ ሲደርስ የማታ ክፍል ገቡ። አስተማሪው ለጋ ወጣት ነው፣ ማንንም አልመታም። ፊደል ማሳያ ዘንግ ግን ይዞ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቀሩ። "ከብት ጠፍቶብኝ ነው" ይላሉ እስከ ዛሬ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኔ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የሂሳብ መምህሬ ግን የውሃ ጎማ ነበረው። ዛሬም የማባዛት ሠንጠረዥ ሳይ መዳፌን ያቃጥለኛል።

ባለፈው ክረምት ለአያቴ የፊደል ገበታ ይዤ ሄድኩ። ወረቀት ላይ ሁለት ፊደል ጻፍኩና "አባባ፣ እስቲ እነዚህን ይፈልጉልኝ" አልኳቸው። ጣታቸውን ገበታው ላይ አድርገው ከሀ ጀመሩ። ለ ላይ ቆም አሉ፣ ወረቀቱን አዩ። ቀጠሉ። መ፣ ሙ፣ ሚ።

"ለሚ ነዋ!" አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው "ሌላ ጻፊ" አሉኝ።