ድርሻችንን አንፈልግም ያሉ አማኞች

እ.ኤ.አ. በ1784 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ምክር ቤት አንድ የሕግ ረቂቅ ቀረበ። አንደበተ ርቱዑ ፓትሪክ ሄንሪ የደገፈው ይህ ረቂቅ፣ ለክርስትና አስተማሪዎች መተዳደሪያ የሚሆን ግብር ከሕዝብ እንዲሰበሰብ የሚያዝ ነበር። ግብር ከፋዩ ገንዘቡ ለየትኛው ቤተ እምነት እንዲደርስ ራሱ ይመርጣል፤ ካልመረጠ ለትምህርት ቤቶች ይውላል። ላይ ላዩን ሲታይ ለሁሉም እኩል ነው። ባፕቲስቶችም ድርሻቸውን ያገኙ ነበር።

እነርሱ ግን እምቢ አሉ። ለምን?

ያለፉበትን ያውቁ ነበርና ነው። ከነጻነት በፊት በቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች። የካህኑ ደመወዝ በዓመት 16,000 ፓውንድ ትምባሆ ሲሆን፣ የእርሷ አባል ያልሆነውም ሰው እንዲከፍል ይገደድ ነበር። ከ1768 ጀምሮ ደግሞ የባፕቲስት ሰባኪዎች “ያለ ፈቃድ ሰበካችሁ፣ ሰላም አወካችሁ” እየተባሉ ወኅኒ ተጣሉ። አንዳንዶቹ በወኅኒው መስኮት በኩል ውጭ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይሰብኩ ነበር። ለአንዱ ሰባኪ ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት በሌላው ላይ በር እንደሚቆልፍ በገዛ ሕይወታቸው አይተዋል።

ጄምስ ማዲሰን በ1785 በጻፈው የተቃውሞ አቤቱታ፣ ዜጋን ለሃይማኖት ሦስት ፔንስ እንዲከፍል ማስገደድ የሚችል ሥልጣን በሌላውም ሁሉ ሊያስገድደው እንደሚችል አስጠነቀቀ። ክርስትና በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የተስፋፋው መንግሥት እየደገፈው ሳይሆን እያሳደደው መሆኑንም አስታወሰ። ይሁን እንጂ ከማዲሰን አቤቱታ ይልቅ ብዙ ፊርማ ያገኘው፣ ግብሩ ከወንጌል መንፈስ ጋር ይጋጫል የሚለው ሌላ አቤቱታ ነበር። ረቂቁ ቀረ። በጃንዋሪ 1786 ቶማስ ጄፈርሰን ያረቀቀው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ ጸደቀ።

ወገኖች ሆይ፣ ብዙዎቻችን “መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ” የሚለው ሐሳብ ከማያምኑ ሰዎች ብቻ የመጣ ይመስለናል። በቨርጂኒያ ግን ስለ ወንጌል የታሰሩ ሰዎችም ጮኸውለታል።

ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሜይን ግዛት ለግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ የምትረዳ ከሆነ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶችን ለይታ ልታስቀር አትችልም ሲል ወሰነ። ግብር የሚከፍሉ ክርስቲያን ወላጆች በዚህ ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም፤ የፍትሕ ጥያቄ አላቸው። ነገር ግን የቨርጂኒያ አማኞች ጥያቄ እኛንም ይመለከታል፦ ዛሬ የሚከፍልልን፣ ነገ የምናስተምረውን ልምረጥላችሁ ቢለን ምን እንመልሳለን? የለመድነውን ገንዘብ ለመተው አቅሙ ይኖረናል?

ጌታችን የቄሣር መልክ ያለበት ዲናር ለቄሣር እንዲሰጥ አዘዘ (ማቴ. 22፥19-21)። ልጆቻችን ግን የእግዚአብሔር መልክ አለባቸው (ዘፍ. 1፥27)። እነርሱን በቃሉ ማሳደግ የእኛ አደራ ነው። የቨርጂኒያ አማኞች እምቢታም ዋጋ ነበረው፤ የመንግሥትን ገንዘብ የመለሰ ጉባኤ አገልግሎቱን የሚያቆመው ከገዛ ኪሱ በሚያወጣው ነው። እግዚአብሔርም የሚወደው ሳይገደድ በደስታ የሚሰጠውን ነው (2ቆሮ. 9፥7)። እስቲ በየቤታችን እንጠይቅ፦ ልጆቻችን ቃሉን እንዲማሩ በዚህ ወር እኛ ምን ሰጠን?

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን።