ቁንጭርና የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚኖሩ ሰዎች ፊት ላይ ወጥቶ ለወራት የማይድነውን ቁስል ቁንጭር ይሉታል። አንዳንዶች የሌሊት ወፍ ሽንት ያመጣዋል ቢሉም፣ መንስኤው ሌሽማኒያ ኤቲዮፒካ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ተውሳኩ በገደልና በዋሻ ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ነው።

በአንድ ቀበሌ ኖረው በዚሁ ተውሳክ የተያዙ ሁለት ሰዎች ግን ሕመማቸው ሊለያይ ይችላል። የአንዱ ቁስል ጊዜ ወስዶ፣ ጠባሳ ጥሎ ይድናል፤ የሌላው አፍንጫና ከንፈርን ይጎዳል፤ በጥቂቶች ደግሞ እብጠቱ በመላ ገላ ይሰራጫል። ለዚህ ልዩነት አንዱ ዐቢይ ምክንያት የመከላከያ ሕዋሳት አሠራር ነው።

እነዚህ ሕዋሳት የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ከእነርሱ መካከል ሞኖሳይት የሚባሉት በደም ተጉዘው ቁስሉ ዘንድ ሲደርሱ ማክሮፌጅ ወደተባሉ ዋጭ ሕዋሳት ያድጋሉ። ሌሎቹ ደረት ውስጥ በሚገኘው ታይመስ በተባለ ዕጢ በስለው ቲ ሕዋሳት ይሆናሉ። የራስን አካል ሊያጠቁ የሚችሉት አብዛኞቹ በዚያው ተለይተው ይወገዳሉ።

የቁንጭር ተውሳክ ሊገድለው የሚገባውን ዋጭ ሕዋስ መጠለያው ያደርገዋል። ዋጩ ሕዋስ የዋጠውን ለመግደል ከቲ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክት ያስፈልገዋል። መልእክቱ ሲደርሰው መርዛማ ኬሚካል አመንጭቶ ተውሳኩን ያጠፋል። ጥቃቱ ልጓም ከሌለው ግን ጤናማውን ሥጋም ይጎዳል። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት ኢንተርሉኪን 10ን በመሳሰሉ መልእክቶች ጥቃቱን ያበርዳሉ። ልጓሙ ሲጠብቅ ተውሳኩ ይራባል፤ ሲላላ የራስ ሥጋ ይቆስላል።

ሐኪሙ አንቶኒ ብራይሰን በኢትዮጵያ ሕሙማን ላይ ሠርተው እ.አ.አ በ1969 እና በ1970 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መላ ገላን የሚያዳርሰው ቁንጭር የመከላከያ ሕዋሳት ለተውሳኩ ምላሽ ከመንፈጋቸው ጋር የተያያዘ መሆኑን አመልክተዋል። በቅርብ ዓመታትም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በላይ ጋይንት ነፋስ መውጫ ሆስፒታል የታዩ ሕሙማንን የመከላከያ ምላሽ አጥንተዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መድኃኒት የተውሳኩን ቁጥር ይቀንሳል፤ ፈውሱን የሚያጸናው ግን የሕዋሳቱ ብርታት ነው። የምግብ እጥረትና ኤች አይ ቪ ይህን ብርታት ያዳክማሉ። ቁስሉን በእሳት መተኮስ ተውሳኩን ትቶ ሥጋን ያቃጥላል፤ ለሌላ ልክፍትም በር ይከፍታል። ሳምንታት አልፈው ያልዳነ የፊት ቁስል ያለበት ሰው፣ በተለይም ቁስሉ ለአፍንጫና ለከንፈር ከቀረበ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሄዶ መመርመር ይኖርበታል።