የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ፡ ደራሲው ማን ነው የሚለው የመቶ ዓመት ምርምር

ባለፈው ሰሞን ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ቡና ይዘን ስንጨዋወት የዘርአ ያዕቆብ ነገር ተነሳ፡፡ አንደኛው የሕግ ባለሙያ ነው፤ «ከእነ ዴካርት ጋር በአንድ ዘመን የተፈላሰፈ አባት አለን» ይላል፡፡ ሁለተኛው መምህር ነው፤ «ተወው፣ ጣሊያን የፈጠረው ተረት ነው» አለና ነገሩን ዘጋው፡፡ ጽሑፉን አንብባችሁታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ፡፡ ሁለቱም አላነበቡትም፡፡ ይህን ማስታወሻ የምጽፈው እኔም ለብዙ ዓመታት ሳላነብ ስከራከር ስለኖርኩ ነው፡፡

ጽሑፉ አጭር ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፡፡ ተራኪው በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤት በ1592 ዓ.ም. ተወለድኩ ይላል፡፡ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያድግና እሱም አስተማሪ ይሆናል፡፡ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ አገሩ በካቶሊክና በተዋሕዶ በተከፈለበት ጊዜ፣ ጠላቱ ከንጉሡ ጋር ያጣላዋል፡፡ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ወደ ተከዜ ይሸሽና ሁለት ዓመት በዋሻ ይቀመጣል፡፡ ሐሳቡ የሚወለደው እዚያ ነው፡፡ የሰው ልጅ ሁሉ የየራሱን ሃይማኖት ትክክል ነው ካለ ዳኛው ማን ነው? መልሱ ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ልቡና ነው፡፡ በዚህ ሚዛን ጾምን፣ ምንኩስናን፣ የባሪያ ንግድን፣ ከአንድ በላይ ማግባትን አንድ በአንድ ይመረምራል፡፡ በኋላ በእንፍራዝ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ተጠግቶ፣ መጽሐፍ እየገለበጠ ይኖራል፡፡ የቤቱን ገረድ ኂሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው ይላል፡፡ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም የራሱን ሐተታ ጽፏል ይባላል፡፡

ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ጽሑፉን ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1846 ከማሳያ ጋር መጥቶ በበጌምድር፣ ጋይንት ቤተልሔም ተቀምጦ ግዕዝ አጠና፡፡ በዚያን ጊዜ አንትዋን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ አጥኚ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይሰበስብ ነበር፤ ጁስቶ ደግሞ ያገኘውን ይልክለት ነበር፡፡ ከተላኩት መካከል ይህ ሐተታ ይገኝበታል፡፡ ጁስቶ በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ከአገር ተባርሮ እ.ኤ.አ. በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ፡፡ ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በዳባዲ ስብስብ ውስጥ በቁጥር 215 እና 234 ተመዝግበው አሉ፡፡ ከጁስቶ ዘመን በፊት እንደተገለበጠ የተረጋገጠ ሌላ ቅጂ ግን እስካሁን የለም፡፡ የክርክሩ እምብርት ይኸው ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1904 ሩሲያዊው ቱራየቭና ጀርመናዊው ሊትማን ጽሑፉን ሲያሳትሙ ማንም አልተጠራጠረም፡፡ ጥርጣሬውን ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ነው፡፡ እሱም ቀድሞ አምኖበት ነበር፡፡ አንድ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን ስለ ጁስቶ የጻፈውን ምስክርነት ካየ በኋላ ግን ደራሲው ራሱ ሚስዮናዊው ነው አለ፡፡ የጁስቶ የልጅነት ስሙ ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ መሆኑም ለተጠራጣሪዎች ትልቅ ፍንጭ ሆነላቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1934 ጀርመናዊው ሚትቮክ ይህንኑ አጠናከረው፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፡፡ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1935፣ በወረራው ዋዜማ፣ ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ አቅም የላትም የሚል ጽሑፍ ያወጣ ሰው ነው፡፡ ብዙዎቻችን ይህን ጠቅሰን «ስለዚህ ውሸቱን ነው» እንላለን፡፡ እኔም ብዬ አውቃለሁ፡፡ ግን የሰውየው ልብ መጥፎ መሆኑ ማስረጃውን ውድቅ አያደርገውም፤ ማስረጃው በማስረጃ ነው የሚመታው፡፡

ይህን የተረዱት ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር ናቸው፡፡ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1953 መጥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ለአሥርተ ዓመታት አስተምረዋል፡፡ በ2012 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስማቸው ከዘርአ ያዕቆብ ጋር ተነስቶ አያውቅም የሚል የለም፡፡ «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» በሚል ርዕስ ከ1974 ጀምሮ ባሳተሟቸው አምስት ጥራዞች ሐተታውን ከጁስቶ ደብዳቤዎችና የግዕዝ ሥራዎች ጋር አስተያይተዋል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሱትን ጥቅሶች ሳይቀር ቆጥረዋል፡፡ የሁለቱ ሐተታዎች አጻጻፍ ይለያያል፣ ዳዊትን በቃሉ የያዘ ደብተራ ብቻ ነው እንዲህ የሚጽፈው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ፡፡ ከእሳቸው በፊት ዓለማየሁ ሞገስም በቋንቋው በኩል ተሟግተዋል፡፡

ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን የጁስቶን ደብዳቤዎችና ቅጂዎቹን እንደገና መርምራ ጽሑፉ የእሱ ነው አለች፡፡ በአንጻሩ ጌታቸው ኃይሌ፣ ቀድሞ ተጠራጣሪ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐሳባቸውን ለውጠው መነሻው የኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ ነው ወደሚል አዘነበሉ፡፡ በ2022 ኦክስፎርድ ላይ በዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተካሄደ፤ በ2023 ደግሞ በራልፍ ሊ፣ በመሐሪ ወርቁና በዌንዲ ቤልቸር የተዘጋጀ አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ወጣ፡፡

የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በዘርአ ያዕቆብ መኖር ላይ ብወራረድ ገንዘቤን በሙሉ አላስይዝም፡፡ የሰምነር የአጻጻፍ ንጽጽር ያሳምነኛል፤ የቅጂዎቹ ታሪክ ግን ያሳስበኛል፡፡ አንድ ባለሙያ ግዕዝ ጽሑፍ አስመስሎ መጻፍ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ የሚገኘው ከደብተሮቻችን ነው፤ ይህን ጥያቄ ከነሱ ጋር ቁጭ ብሎ የመረመረ ጥናት ቢበዛ ደስ ይለኛል፡፡ ክርክሩን በአንድ ቀን ሊያበቃው የሚችለው በአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ከ1840ዎቹ በፊት የተገለበጠ አንድ ጥራዝ ነው፡፡ ተቆጥሮና ፎቶ ተነስቶ ያላለቀ ብራና ገና ብዙ አለ፡፡ ያልተገኘ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ አለ ማለትም አይደለም፡፡

ለመምህሩ ወዳጄ ያልኩት ይህንኑ ነው፡፡ ለተማሪዎችህ «ተረት ነው» ወይም «አባታችን ነው» ብለህ ከምታልፍ የሁለቱንም ወገን ማስረጃ አቅርብላቸው አልኩት፡፡ ትንሽ አንገራገረ፤ «ለፈተና ምን ብዬ ላውጣ?» አለኝ፡፡ የሕግ ባለሙያው ግን መጽሐፉን ተውሶኝ ሄደ፡፡ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ እስካሁን አልመለሰም፡፡