አፍሪካ አዳራሽ፦ ግንባታውና ዕድሳቱ

አፍሪካ አዳራሽ በአዲስ አበባ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የቆመ የአርማታ ሕንጻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤቱን ለማሠራት ንድፉን አስመራ ይኖር ለነበረው ጣሊያናዊ አርክቴክት ለአርቱሮ ሜዜዲሚ ሰጡ። ኋላ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት የነደፈውም እሱ ነው። ግንባታው 18 ወር ያህል ብቻ ወስዶ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት እዚሁ ነው። የመግቢያውን ግድግዳ የሚሸፍነው የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ የአህጉሩን ያለፈ፣ የአሁንና የመጪ ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል።

አክሱምና ላሊበላ ባሉበት አገር የስድሳ ዓመት ሕንጻ አረጀ ቢባል ፈገግ የሚል አይጠፋም። ይሁንና የዘመናዊ ሕንጻ እርጅና እንደ ውቅር ድንጋይ አይደለም። አርማታው ገና ጠንካራ ሳለ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ቧንቧው፣ የእሳት መከላከያውና የድምፅ መሣሪያው ቀድመው ያረጃሉ። ንግግር በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ቋንቋ የሚተረጎምበት የስብሰባ አዳራሽ ደግሞ ያለ መሣሪያው ባዶ ክፍል ነው።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናት። አዳራሹ በተመረቀበት በ1953 ዓ.ም. ራሱ በሰሜን ሸዋ ካራ ቆሬ ብርቱ መንቀጥቀጥ ደርሶ የማጀቴን መንደር አፈራርሷል። ያኔ ኢትዮጵያ ሕንጻ መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም የሚያስገድድ የራሷ የግንባታ ደንብ አልነበራትም። በዚያ ዘመን የተሠሩ የአርማታ ሕንጻዎች በአብዛኛው ከላይ የሚጫናቸውን ክብደት እንዲሸከሙ የታሰቡ እንጂ ወደ ጎን የሚገፋቸውን ኃይል እንዲችሉ አልነበሩም። የዓምዱ ብረት በተቀራረበ ስታፋ (ዙሪያውን በሚያቅፍ ቀጭን ብረት) ካልታሰረ፣ መሬት ሲወዛወዝ አርማታው ይፈነዳል፤ ብረቱም ይጎብጣል። አዲስ ሕንጻ ሲሠራ ይህን ማስተካከል ቀላል ነው። ቆሞ ያለን፣ ያውም ታሪክ የተሠራበትን ሕንጻ ማጠናከር ግን መልኩን ሳያበላሹ ከውስጡ መግባትን ይጠይቃል።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2008 ዓ.ም. ለዕድሳቱ 56.9 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ሥራው ከታሰበለት ጊዜ ዘግይቶ ነው የተጠናቀቀው። የሕንጻው አካል መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናከረ፤ መስኮቶቹ ድርብ መስታወት ገባላቸው፤ የመሰብሰቢያና የትርጉም መሣሪያዎቹ በአዲስ ተተኩ፤ ለአካል ጉዳተኞች መተላለፊያ ተበጀ። የመጀመሪያዎቹ የቤት ዕቃዎች ግን ተጠገኑ እንጂ አልተጣሉም። የአፈወርቅ መስታወትም ታደሰ። ከሁሉ ይልቅ የዕድሳቱን ጠባይ የሚያሳየው ሞዛይኩ ነው፦ ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጉ ትናንሽ ንጣፎች ተነሥተው በዚያው ብርቱካናማ፣ ቡናማና ነጣ ያለ ቀለም በተሠሩ አዳዲሶች ተተኩ። ይህ ሁሉ ልፋት ተመልካቹ ምንም እንዳልተነካ እንዲያስብ ነው። ለአዲስ ሕንጻ ይህ ነቀፌታ ይሆን ነበር፤ ለቅርስ ዕድሳት ግን ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም።

አዳራሹ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ከስብሰባ ሌላ ጎብኚ የሚገባበት፣ ታሪኩም በዓውደ ርዕይ የሚታይበት ቤት ሆነ። በእነዚያው ወራት በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ መሬት ደጋግማ ትንቀጠቀጥ ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው 5.7 የተለካ መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ ደርሶ ነዋሪውን ከእንቅልፉ ቀስቅሷል፤ አዳራሹ እንደገና ከተከፈተ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር።