ከሜክ እስከ ሞዚላ፦ የፋይሎችን ጥገኝነት የማየት ታሪክ

ሜክ የተባለው የፕሮግራም ግንባታ መሣሪያ ታሪክ የሚጀምረው በንዴት ነው። ስቲቭ ጆንሰን የተባለው የቤል ላብስ ፕሮግራመር ረፋዱን ሙሉ ስሕተት ሲያድን አርፍዶ፣ ዕድሉን እየረገመ ባልደረባው ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ሲፈልገው ያረፈደው ስሕተት ለካ ቀድሞ ታርሟል፤ የታረመው ፋይል ግን ዳግመኛ ኮምፓይል አልተደረገም። ይህ እንዳይደገም ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 ሜክን ጻፈ። የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመረኮዝ አንዴ ይነገረዋል፤ እሱም ፋይሎቹ የተቀየሩበትን ሰዓት አነጻጽሮ መታደስ ያለበትን ብቻ ያድሳል። የጥገኝነቱ ካርታ በዚያው ተጻፈ፤ አንባቢው ግን ማሽን ነበር።

ካርታውን ሰውም ለምን ማየት እንዳለበት የነገረን የሶፍትዌር ተመራማሪው ዴቪድ ፓርናስ ነው። በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአንድ ፕሮግራም ክፍሎች ዞረው እርስ በርስ ከተጠባበቁ ሁሉም እስኪሠራ አንዱም እንደማይሠራ አስጠነቀቀ።

ሥዕሉ ዘግይቶ መጣ። በ1981 ሱጊያማና ባልደረቦቹ ጃፓን ውስጥ የጥገኝነት ንድፍን በእርከን የሚደረድርና የሚቋረጡ መሥመሮችን የሚቀንስ ዘዴ አቀረቡ። የቤል ላብስ ተመራማሪዎችም ዘዴውን አሻሽለው ዶት የተባለውን ንድፍ ሳይ ፕሮግራም፣ ኋላም ግራፍቪዝን ሠሩ። ከ1997 ወዲህ የመጣው የሰነድ ማዘጋጃ ዶክሲጅን ደግሞ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይሎችን ትስስር በዶት እየሳለ ለሁሉም አዳረሰ። ለሃያ ፋይል ግሩም ነው። ሺሕ ሲደርሱ ግን የተተበተበ ልቃቂት ይሆናል፤ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ሥራ አያሠራም።

ለእኔ የተሻለው መንገድ ውበት የሌለው ሰንጠረዥ ነው። ዶናልድ ስቴዋርድ በ1981 ለምሕንድስና ንድፍ ባቀረበው ማትሪክስ ፋይሎችን በረድፍም በዓምድም በአንድ ቅደም ተከተል ብንደረድር፣ ጥገኝነት ባለበት መገናኛ ነጥብ እናኖራለን። ነጥቦቹ ሁሉ ከሰያፉ መሥመር በታች እንዲያርፉ አድርጎ መደርደር ከተቻለ ዙር የለም። የቱንም ያህል ብናገላብጣቸው ከሰያፉ በላይ የሚቀር ካለ፣ ፓርናስ የፈራው እዚያ አለ።

የዚህን ጥቅም ያሳየው ሞዚላ ነው። ኔትስኬፕ በመጋቢት 1998 የብራውዘሩን ሶርስ ኮድ ለሕዝብ ከፈተ። አለን ማኮርማክ፣ ጆን ረስናክና ካርሊስ ባልድዊን በ2006 ባሳተሙት ጥናት ያንን ኮድ ከሊኑክስ ጋር በማትሪክስ አነጻጸሩ፤ ሁለቱም ወደ 1,700 የሚጠጉ ፋይሎች ነበሯቸው። በሞዚላ የአንድ ፋይል ለውጥ በአማካይ 17 በመቶ ያህሉን ፋይሎች ሊነካ ይችል ነበር፤ በሊኑክስ 5 በመቶ ገደማ። አንድ ድርጅት ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሰዎች ኮዳቸውንም ያጠላልፋሉ፣ በዓለም የተበተኑት ግን መለያየት ግድ ይላቸዋል የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው። ሆኖም የሞዚላ ቡድን በዚያው በ1998 ኮዱን ሆን ብሎ ሲያደራጀው ቁጥሩ ከ3 በመቶ በታች ወረደ፤ ከሊኑክስም አነሰ።

ማትሪክሱም ሁሉን አያይም። አንዱ ፋይል የሚጽፈውን የዳታ ቅርጽ ሌላው በልማድ ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ በመካከላቸው ነጥብ አይወጣም፤ ቅርጹ ሲቀየር ግን የሚያነበው ይሰበራል።

ስለዚህ ፕሮግራመሮች ሆይ፣ ሙሉውን ፕሮጀክት ለመሳል አትቸኩሉ። ነገ ልትነኩት ካሰባችሁት ፋይል ጀምሩ፤ በእሱ ላይ የተመረኮዙትን ብቻ አውጡና ዙር ካገኛችሁ አስቀድማችሁ እሱን ቁረጡ።