«አሠሩ» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉ ሰዎች

«ዐፄ ፋሲል በጎንደር ግንብ አሠሩ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሁላችንም ከተማሪ ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ድንጋዩን የጠረበውን፣ ኖራውን ያቦካውን፣ ቅስቱን ያቆመውን ሰው ስም ግን ከዚህ ዐረፍተ ነገር ማንም ሊያወጣ አይችልም። ይሁን እንጂ ሰውዬው ጨርሶ አልጠፋም፤ ከግሱ ውስጥ አለ። «ሠሩ» ሳይሆን «አሠሩ» ባልን ቁጥር፣ ከንጉሡ ሌላ እጁን ያሳረፈ ሰው መኖሩን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። ስሙን አይነግረንም እንጂ መኖሩን አይክድም።

የቀድሞ ጸሐፍት ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቁት ነበር። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ የሚገኘው የግእዝ ምርቃት «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» እያለ የጻፈውንና ያጻፈውን ለየብቻ ያስባቸዋል። አንዱ ከፍሏል፤ ሌላው ጣቱ እስኪደነዝዝ ደክሟል፤ ምርቃቱም ለሁለቱም ይደርሳል። በድንጋይና በብረት ሥራ ላይ ይህን የመሰለ ልማድ እምብዛም አይታይም። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ጸሐፊው ብዕሩን የያዘው ራሱ ነው፤ ቀጥቃጩ ግን የያዘው መዶሻ ነበር።

ለዚህ ነገር ጋፋትን የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በዚህች መንደር አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ ማዘዛቸው የታወቀ ነው። በ1859 ዓ.ም. ገደማ የተፈሰሰው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ከአውሮፓውያኑ መካከል ዋልድማየር የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በ1886 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳትሟል፤ የሳልሙለርን፣ የቤንደርን፣ የቡርጎንና የፖላንዱን ተወላጅ የሞሪትዝ ሆልን ስም ታሪክ ጠብቆታል። እኛ መሐንዲሶች ግን ጥቂት ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ያን የሚያህል ነሐስ ቀልጦ ወደ ቅርጹ ሲፈስ መሐል ላይ ሊቋረጥ አይችልም፤ ከተቋረጠ መድፉ ከመጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። የቅርጹ አፈር ጥቂት እርጥበት ቢቀርበት እንፋሎቱ የቀለጠውን ብረት በሰው ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ ከሰል ያከሰለው፣ ወናፉን ያለ ዕረፍት የነፋው፣ አፈሩን ያደረቀው ሰው ሥራውን ሳያውቅ እንዲሁ በጉልበቱ ብቻ የታዘዘ ሊሆን አይችልም። በመጻሕፍቱ ውስጥ ግን ይህ ሰው «ሠራተኞች» በሚለው የብዙ ቁጥር ውስጥ ገብቶ ቀርቷል።

የመንገዱም ነገር እንዲሁ ነው። መድፉ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ከመቅደላ ሥር የደረሰው በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ነው። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ለጋሪ እንዲመች አድርጎ መጥረብ ዛሬም በመኪና ለሚያልፍ ሰው የሚያስገርም ሥራ ነው። ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ እንደ ነበር በጊዜው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። እንግዲህ ከዚያ መንገድ ሠራተኞች መካከል እኔ በስሙ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ንጉሠ ነገሥቱ ነው! መድፉ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ።

ባለሙያው ስም አልነበረውም ማለት ግን አይደለም፤ ነበረው፤ ነገር ግን ስድብ ነበር። ብረት የሚሠራው «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» ይባል ነበር። ከዚህም አልፎ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ተብለው ይፈሩ ነበር። የሚያስገርመው ግን «ጠይብ» የተባለው ቃል ከ«ጠቢብ» የመጣ መሆኑ ነው። ዐዋቂ ማለት የነበረው ቃል ተገልብጦ መናቂያ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው፣ የሚሳደብ አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዋል። ዐዋጁ የስድብ ቃላቱን አንድ በአንድ መዘርዘሩ በበኩሌ ትልቅ ቁም ነገር ይመስለኛል፤ የትኛው ቃል እንደሚያቆስል ቤተ መንግሥቱ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ «ወዛደር» እና «ላብ አደር» የክብር ቃላት ሆኑ። ስድቡ ሰውየውን አሳንሶት ነበር፤ ይህኛው ክብር ግን እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ አንድ ሰው ለብቻው ተለይቶ የሚታይበት አልሆነም።

«መሐንዲስ» የሚለው የእኛ ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሥሩም መለካትን የሚያመለክት ነው። ይህን ስም ማንም ስድብ አድርጎት አያውቅም። ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል፣ በሪፖርቶቻችን ውስጥ «አሠሩ» ከሚለው የባሰ ቃል ስንጠቀም የማይታወቀን፤ እሱም «ተሠራ» ነው። «አሠሩ» ቢያንስ ሁለት ሰው ይዟል፤ «ተሠራ» ግን አንድም የለበትም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር መንገድ ሥራ ላይ የአንዲትን ትንሽ ድልድይ መሠረት ላስቆፍር ስል፣ አንድ አዛውንት ግንበኛ ወደ እኔ ቀርበው፣ «ልጄ፣ ክረምት ሲገባ ውሃው የሚመታው በዚህ በኩል አይደለም» አሉኝ። ጎርፉ ካለፈው ዓመት ትቶት የሄደውን ጭራሮ ከቁጥቋጦው ላይ አሳዩኝ። ትክክል ነበሩ። ንድፉን በማግሥቱ አረምኩት። በሪፖርቱ ላይ ግን የጻፍኩት «በተደረገው ተጨማሪ ጥናት መሠረት ቦታው ተሻሽሏል» የሚል ነበር።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስማቸውን እዚህ ላይ ላሰፍር አስቤ የደመወዝ መዝገቡን አስፈለግሁ። በመዝገቡ ላይ የተገኘው «ግንበኛ» የሚል ቃልና የአውራ ጣት አሻራ ነው። አብረን በሠራንባቸው አራት ወራት ሁሉ አባባ እያልኩ ስጠራቸው፣ ስማቸውን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።